ትንሹ ሄልሜት

ሄልሜት መግዛት ጫማ እንደ መግዛት የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። ጫማ ቢሰፋ ካልሲ ይደረብበታል፣ ቢጠብ ለዘመድ ይሰጣል፤ ጭንቅላት ግን መለዋወጫ የለውም። ፍሬሕይወት ይህን ነገር የሰማችው ከወንድሟ ከሰይፈሚካኤል ነው። ሰይፈሚካኤል የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፤ ከወሩ አብዛኛውን ተሳቢው ላይ የሚያድር፣ አዳማ ሲገባ ግን ድምፁ ከሰፈሩ መግቢያ ጀምሮ የሚሰማ ሰው። ባለፈው ሲመጣ ከጭነቱ ላይ አንድ ማውንቴን ሳይክል አውርዶ ደጇ ላይ አቆመና፣ «ስሚ ፍሬ፣ ሄልሜት ሳትገዢ ይቺን ብትነኪ ወንድም የለኝም በይ!» ብሎ ፎክሮባት ሄደ።

እሷም አልነካችም። ሳይክል የነዳችው ልጅ ሳለች፣ ያውም ሜዳ ላይ ነው፤ ኮረብታ ወጥቶ በድንጋይ መሀል መውረድ የሚባለውን ነገር በስልክ ቪዲዮ ካልሆነ አታውቀውም። እሁድ ግን ሰይፉ ይመጣል። እሁድ አብረው የነፋስ ማመንጫዎቹ ያሉበት ኮረብታ ላይ ሊወጡ ተቀጣጥረዋል። እናትና አባታቸውን ቀብረው ሁለቱ ብቻቸውን የቀሩ ናቸው፤ ያሳደጋት እሱ፣ ያስተማራት እሱ፣ የሚቆጣትም እሱ ነው። በዚህ ዓለም ላይ «የኔ» የምትለው ሰው ቢቆጠር አንድ ተብሎ እዚያው ያልቃል። ስልኩ አልሠራ ካለ ሰንብቷል፤ በረሃ ሲገባ ሁሌም እንዲህ ነው፣ ኔትወርክ የለም እያለች ራሷን ታጽናናለች። ሐሙስ ማታ ሹሩባ ተሠራች፤ ሰይፉ ሹሩባ ይወዳል። ዓርብ ከፋብሪካ ስትወጣ ደግሞ በቀጥታ ደሊል ሱቅ ሄደች።

ደሊል ሳይክል ይሸጣል፣ ይጠግናል፣ ያከራያልም፤ የሰይፉ የልጅነት ጓደኛ ነው። አፉ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ጎማ እየነፋ ስለ ኳስ ያወራል፣ ሰንሰለት እየቀባ ሚስቱን ያማል፤ ደንበኛ ሲጠፋ ከፔዳል ጋር ያወራል እያሉ ይቀልዱበታል። ያን ቀን ግን ፍሬሕይወት በሩ ላይ ብቅ ስትል ብድግ አለ። ሬዲዮኑን አጠፋ። ሁለት እጇን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ደህና ነሽ? እ? ደህና ነሽ? እንቅልፍ ይወስድሻል?» አላት።

«ምን ሆነሃል አንተ? ትናንት ጠዋት በባጃጅ ሳልፍ እንደ እብድ እየጮህክ ሰላም ብለኸኝ የለም እንዴ?»

«እሱማ… ልክ ነሽ» አለና እጇን ለቀቀ።

«ሁለት ሄልሜት ነው የምፈልገው። አንዱ ለኔ፣ አንዱ ለሰይፉ። የሱን ራስ ታውቀዋለህ፤ ትልቅ ከሌለህ ድስት ስጠኝ!»

ይህን ቀልድ ሌላ ቀን ብትቀልደው ደሊል ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። አሁን ግን ጀርባውን ሰጥቷት ወደ መደርደሪያው ዞረ፤ ዞሮም የሚፈልገው የጠፋበት ይመስል ቆሞ ቀረ። ኋላ ላይ ሄልሜቶቹን እያወረደ መስታወቱ ጠረጴዛ ላይ ደረደረላት። ያኔ ትንሽ አፉ ተፈታ። ይሄ ቀላሉ ለአስፋልት ነው፣ ለኮረብታ አይሆንሽም አለ። ለኮረብታ ከኋላ ወረድ ብሎ ማጅራት የሚሸፍን ነው የሚፈለገው፣ ከፊቱም እንደ ኮፍያ ጥላ ያለው፣ ቅርንጫፍ ዓይን እንዳይወጋ። ወደ ኋላ ተንጋሎ አይደረግም፤ ግንባርን ይሸፍን፣ ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ይቅር። ማሰሪያው ጆሮን መሀል አድርጎ ይውረድ፣ አገጭ ሥር ጣት ቢያስገባ እንጂ እጅ አያስገባ።

«ደግሞ አሮጌ እንዳትገዢ» አለ፣ ዓይኑን ከእጁ ሳያነሳ። «አንዴ የተመታ ሄልሜት አይደረግም። ከውጭ ስታይው ደህና ነው፣ ጭረት የለው፣ ምን የለው። ውስጡ ግን አልቋል።»

ይህን ሲል ድምፁ ተሰበረ። ፍሬሕይወት ቀና ብላ አየችው፤ እሱ ሜትር ፍለጋ መሳቢያ ውስጥ ገባ። የልብስ ሰፊ ሜትር አምጥቶ በግንባሯ ዙሪያ ለካት። ቁጥሩን እየረሳ ሁለት ሦስት ጊዜ ለካት። ከሚስቱ ተጣልቶ ይሆናል ብላ ገመተች።

መካከለኛው ቀይ ሄልሜት በሹሩባዋ ላይ ልክክ አለ። ራሷን ግራ ቀኝ ነቀነቀች፤ ንቅንቅ አላለም። በስልኳ መስታወት አየችው፤ ተስማማት። ደሊል ግን ቀስ ብሎ ከራሷ ላይ አነሳውና ሌላ አቀበላት፤ እሱው ዓይነት፣ እሱው ቀለም፣ አንድ ቁጥር ያነሰ።

«ይሄን ውሰጂ።»

አደረገችው። አልገባም ብሎ ሹሩባዋ ላይ እንደ ጉልላት ተቀመጠ። «ኧረ ይጠባል! ራስ ምታት ልትገዛልኝ ነው?»

«አሁን ነው እንጂ ጸጉሩ ሲወርድ ልክ ይሆናል።»

«የትኛው ጸጉር?»

ደሊል አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። «ማለቴ… ሹሩባው ሲፈታ።»

«ትናንት ማታ የተሠራሁትን? ተቀምጬ ተቀምጬ ወገቤ የተቆረጠበትን? ሰይፉ ሳያየው ማን ሊፈታው!»

«አይ… እኔ እንጃ። አላህ ያውቃል።» ከዚያም የሁለተኛውን ሄልሜት ነገር ስታነሳበት፣ «የሱ ይቆይ» አለ። ለምን ይቆያል ብትለው ፊቱ ላብ አወጣ። «ሲመጣ ይለካል። ሰይፉ እኮ… ወንድም ማለት እሱ ነው፤ አላህ ይርሐ…» አለና ሳል ያዘው። ሳሉን ሲጨርስ «አላህ ይርዳው» አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ደሊልም ያን ጊዜ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ነበር የሚመስለው። የመጀመሪያውን ቃል ሙስሊም ጎረቤት ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ለሞተ ሰው እንጂ በሕይወት ላለ አይባልም። ፍሬሕይወትም ሰማችው። ሰማችውና፣ ሳል ነው ብላ አለፈችው።

ብር ስትሰጠው አልቀበልም አለ። ገፋችው፣ ገፋት። ነጋዴ ብር አልቀበልም ሲል እንደሚያስፈራ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከሱቁ ወጥታ ባጃጅ ስትጠብቅ ዘወር ብትል፣ ደሊል በሩን ገርበብ አድርጎ በስንጥቁ እያያት ነው።

ሰፈር ስትደርስ ደግሞ ሌላ ጉድ። የምትኖርበት ግቢ ባለቤት እትዬ ዘውድነሽ ናቸው፤ ለጾምም ለፍስክም የማያልቅ ቁጣ ያላቸው ሴት። ውኃ አፈሰስሽ፣ መብራት አላጠፋሽም፣ በሩን ጓ አደረግሽው፤ ሲቆጡ ነው ጤናቸው። ፍሬሕይወት የብረት በሩን ስትከፍት ሴቶች ተሰብስበው ነበር፤ ወሬው በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። አንዷ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ፍሬሕይወት ደንግጣ በሩን ለቀቀችው፣ በሩም ጓ! አለ። እትዬ ዘውድነሽ አልተቆጡም።

«ግቢ የኔ ልጅ» አሏት። «በልተሻል? ምስር ወጥ አለ፣ ላምጣልሽ።»

የኔ ልጅ! ስንት ዓመት ተከራይታ ይህን ቃል ካፋቸው ሰምታ አታውቅም።

ክፍሏ ውስጥ ደግሞ ኤቢሴ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ኤቢሴ የአርሲ ነገሌ ልጅ ናት፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ጎን ለጎን ይሰፋሉ፣ ምሳ አብረው ይበላሉ። ማደሪያዋ ከተማው ማዶ ነው፤ ዛሬ ግን የልብስ ቦርሳ ይዛ መጥታለች።

«እዚህ ላድር ነው» አለች። «ውኃ ጠፋብን። ደግሞ ስልክሽን ስጪኝማ፣ የኔ ስክሪኑ ተሰብሮ አስቸኳይ የምደውለው አለኝ።» ወሰደችው። ደውላ እንደሆነ እንጃ፤ አልመለሰችውም። ፍሬሕይወት ስትጠይቃት ቻርጅ ላይ ነው አለች፤ ቻርጀሩን ስታየው ባዶውን ተንጠልጥሏል። «ነገ ደግሞ ሥራ የለንም፤ አለቃው እረፉ ብሏል» ብላ ጨመረች። ያ አለቃ! ለገዛ ሰርጉ ግማሽ ቀን ብቻ የወሰደ ሰው!

ፍሬሕይወት ፊቷን ልትታጠብ ተነስታ ከመስታወቱ ፊት ቆመች። ሁሉም የሚያያት አስከሬን በሚታይበት ዓይን ነው። ድምፅ ዝቅ አድርገው ነው የሚያናግሯት፤ እንደ ታማሚ ይደግፏታል። «እኔ ሞቼ ይሆን እንዴ?» የሚል ሐሳብ ሽው አለባት። የሞተ ሰው መሞቱን አያውቅም ሲሉ ሰምታለች፤ ቤቱ ገብቶ ይቀመጣል፣ ሰዎቹ ለምን እንደዚያ እንደሚያዩት ግራ ይገባዋል አሉ። ጉንጯን ቆነጠጠች። አመማት። ስላመማት ተደሰተች፣ መደሰቷም አስፈራት።

እትዬ ዘውድነሽ ምግቡን ሲያመጡ ልታጫውታቸው ብላ፣ «እትዬ፣ ሰይፉ እኮ እሁድ ይመጣል» አለቻቸው።

ሴትዮዋ ትሪውን እንደያዙ ቆሙ። «አዎ ልጄ» አሉ። «ይመጣል። እሁድ ይመጣል።»

ኤቢሴም ከአልጋው ላይ፣ «ይመጣል» አለች። ሁለቱም ሲሉት አልተጠራጠሩም፤ ቃላቸው እንደ ድንጋይ የጸና ነበር። ፍሬሕይወት እፎይ አለች። የሚያስፈራት ነገር ሌላ ምንም ይሁን፣ ሰይፉ እሁድ ከመጣ ምን ቸገራት? በላች። ምስሩ ጨው የለውም፤ ማን ልብ ብሎት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ኮረብታው ላይ ወጥተሽ ተለማመጂ ብላ የጎተተቻት ኤቢሴ ናት። ራሷ ሳይክል የምትጠላ ሴት፣ ከደሊል አንድ አሮጌ ተውሳ መጣች። «ወንድምሽ ሲመጣ ጀማሪ ነሽ ብሎ እንዳይስቅብሽ» አለቻት፣ ግን ዓይኗን ሰብራ። ደሊል ከረጢቱ ውስጥ የከተተው ትንሹን ሄልሜት ኖሯል። ፍሬሕይወት ከኋላ ያለውን መዘውር እስኪያበቃ ድረስ አላልታ፣ ሹሩባዋን ወደ ታች ጨፍልቃ በግድ አጠለቀችው። ግንባሯን ነከሳት።

የአዳማ ነፋስ ሰው አያከብርም። በየካቲትና በመጋቢት ደግሞ ይብስበታል፤ አቧራውን ተሸክሞ ይመጣና በሰው ዓይን ያራግፈዋል። አስፋልቱን ለቀው ጥርጊያው ላይ ሲወጡ፣ ነጫጮቹ ማማዎች ከላይ ክንፋቸውን እያዞሩ ሹ… ሹ… ሹ… ይላሉ። ፍሬሕይወት ጥርሷን ነክሳ ትገፋለች፤ ድንጋዩ ጎማውን ይመታል፣ ክንዷ ይንቀጠቀጣል፣ ደስ ደስም ይላታል። አንድ ጊዜ ወደቀች። ተነስታ ሳቀች። ኤቢሴ ከኋላ ሆና፣ «ያ ዋቃ፣ አምላኬ! ቀስ በይ፣ ዛሬ እንኳ ቀስ በይ!» እያለች ትለምናለች። ዛሬ እንኳ ማለት ምን ማለት ነው?

ከዚያ ነፋሱ ሄልሜቱ ቀዳዳ ውስጥ መግባት ጀመረ። ሄልሜት ራስ እንዳይፍም መተንፈሻ አለው፤ ነፋስ በዚያ ሲያልፍ ያፏጫል፣ ይህ የታወቀ ነው። የፍሬሕይወት ግን ማፏጨት አልነበረም። በግራ ጆሮዋ በኩል፣ በወፍራም የወንድ ድምፅ፣ ከሩቅ እንደሚጣራ ሰው፣ «ፍሬ…» አላት።

«ወዬ!» አለች፣ ሳታስበው። ሰይፉ ሲጠራት እንደምትለው።

ኤቢሴ ፍሬኗን ያዘች። «ማንን ነው ወዬ የምትይው?»

«ማንም። ነፋሱ ነው።»

ኤቢሴ ፊቷ አመድ መሰለ። የሰማችው ነገር ኖሮ ሳይሆን፣ ያልሰማችው ነገር ነው ያስፈራት። በኦሮምኛ ለራሷ ጸሎት አደረሰች፤ ኢየሱስን ስትጠራ ፍሬሕይወት ሰማች።

አናቱ ላይ ደርሰው ቆሙ። ከተማው ከታች ተዘርግቷል፤ ቆርቆሮው ያብለጨልጫል፣ በስተደቡብ በኩል የቆቃ ውኃ እንደ ብርማ ክር ይታያል። ፍሬሕይወት ሰፈሯን ፈለገች። የውኃ ጋኑን አገኘች፣ ከሱ ቀጥሎ ያለውን ወፍጮ ቤት አገኘች፣ ከሱ ቀጥሎ የራሳቸውን መንገድ። መንገዱ ላይ አረንጓዴ ነገር ተነፍቷል። ነፋሱ ሲያነሳውና ሲጥለው፣ ሰዎች አራት ማዕዘኑን ይዘው ሲታገሉት ከዚያ ርቀት ያስታውቃል። የዕድር ድንኳን ነው።

«ኤቢሴ፣ እኛ በር ላይ ድንኳን የሚተክሉት ለምንድን ነው?»

ኤቢሴ አየች። ቶሎ ብላ፣ ከተዘጋጀ ሰው ፍጥነት በላይ ቶሎ ብላ፣ «ሰርግ ይሆናላ!» አለች።

«በሁዳዴ?»

ኤቢሴ ጴንጤ ናት። የኦርቶዶክስ ሰፈር በዐቢይ ጾም እንደማይድር፣ ሰርግ የሚባል ነገር እስከ ፋሲካ ድረስ አፍ ላይ እንኳ እንደማይነሳ በዚያች ሰዓት ጠፋባት። ፊቷን ከከተማው አዙራ የሳይክሏን ሰንሰለት መነካካት ጀመረች።

ፍሬሕይወት ራሷን ስለጠበባት ሄልሜቱን አወለቀች። በእጇ ይዛ ዞር አድርጋ አየችው፤ ትንሽ ነው፣ ሹሩባ ላለው ራስ የተመረጠ አይደለም። ጸጉሩ ሲወርድ ልክ ይሆናል። ሴት ልጅ ጸጉሯን የምታወርደው መቼ ነው? የምትላጨው ለማን ነው? ለጎረቤት አይደለም፣ ለሩቅ ዘመድ አይደለም። ደሊል የለካው የዛሬውን ራሷን ሳይሆን የሰኞውን ነው። ሰውዬው አስቦላት፣ በደግነቱ፣ ለተላጨ ራስ ሄልሜት መረጠላት።

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር ራሱ እየመጣ ቦታ ቦታውን ያዘ፤ ሳሉ፣ ስልኩ፣ የአለቃው ደግነት፣ «የኔ ልጅ» የሚለው ቃል። እሁድ ይመጣል ሲሉ ያልተጠራጠሩትም ስላልዋሹ ነው። እሁድ ይመጣል። ይዘውት ይመጣሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አዳማ ሙሉ የሚያውቀውን ነገር እሷ ብቻ ናት ያልሰማችው።

መጮህ ፈለገች። አፏን ከፈተች፤ ነፋሱ ሞላው። ያኔ አንድ ነገር አሰበች፤ ክፉም ይሁን ደግ እንጃ፣ ብቻ አሰበችው። የመርዶ ሕግ የታወቀ ነው። ብቻዋን ላለች ሰው በኮረብታ አይነገርም። ጓደኛ አይናገረውም፣ አከራይ አይናገረውም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ጎህ ሲቀድ፣ ደጅ ቆመው ነው የሚያረዱት። እስከዚያ ማንም አፉን አይከፍትም። እስከዚያ ድረስ እንግዲህ ሰይፈሚካኤል ሹፌር ነው፣ ወንድሟ ነው፣ በረሃ ላይ ኔትወርክ አጥቶ ነው። እሷ ካልጠየቀች፣ እነሱ ካልተናገሩ፣ ነገ እስኪነጋ ወንድም አላት።

«ፍሬ? ማል ታቴ?» አለች ኤቢሴ፤ ምን ሆንሽ ማለቷ ነው። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል።

«ምንም። ጠበበኝ» አለች ፍሬሕይወት፣ መልሳም ሄልሜቱን አጠለቀች። «እንውረድ። ቀስ ብለን እንውረድ፤ አልቸኩልም።»

ሲመለሱ ድንኳኑ፣ እሷ እንዳታየው፣ ተነስቷል። የተተከለበት ቀዳዳ ብቻ በአፈር ተደፍኖ ይታያል። ግቢው ውስጥ የተደረደረ የዕድር ወንበር ነበር፤ እትዬ ዘውድነሽ ቀድመዋት፣ «ለሰንበቴ ነው» አሉ።

«ጥሩ ነው እትዬ» አለች ፍሬሕይወት ፈገግ ብላ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የተገለበጠው። እስካሁን የፈራችው እሷ ነበረች፤ ከዚህ በኋላ እነሱ ይፍሩ። «ነገ ሰይፉ ሲመጣ ምን ይበላ ይሆን? ጾም ነው ብዬ ሽሮ ብሰጠው ይሰድበኛል።»

እትዬ ዘውድነሽ የተደረደረውን ወንበር እንደገና መደርደር ጀመሩ።

«እትዬ፣ እሱ እኮ ያንቱን ተልባ ይወዳል። ነገ ያዘጋጁለታል አይደል? ይመጣላ!»

«ይ… ይመጣል» አሉ እትዬ ዘውድነሽ። ሴትዮዋ ግድግዳ ይዘዋል።

ፍሬሕይወት የወንድሟን ፍራሽ አወጣች፣ አራገፈች፣ ንጹሕ አንሶላ አለበሰችው። ትራሱን ደበደበች። ነጠላ ጫማውን ከአልጋው ሥር አውጥታ ጠርጋ፣ አፉን ወደ በሩ አድርጋ አስቀመጠችው። እየሠራች ታወራለች፤ ሰይፉ እንዲህ ብሎ ነበር፣ ሰይፉ እንዲህ ይላል፣ ነገ እንዲህ እንሆናለን። የጎረቤት ሴቶች አንድ በአንድ እየመጡ በሩ ላይ ቆመው ያዩአታል፤ ሲያዩአት ደግሞ ያማትባሉ። አንዷ፣ «ለዚች ልጅ ነግሯታል» ስትል ሰማች። ማን ነው የነገራት ብላ ሌላዋ ስትጠይቅ፣ የመጀመሪያዋ በአገጯ ወደ ነጠላ ጫማው አመለከተች። ኤቢሴ ጥግ ላይ ጉልበቷን አቅፋ፣ ያን የተነጠፈ ፍራሽ እንዳታይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

«ፍሬ» አለች በመጨረሻ። «እኔ አንድ ነገር…»

«የምትነግሪኝ ነገር አለ?»

ዓይን ለዓይን ተያዩ። ኤቢሴ ከንፈሯን ነከሰች። «የለም።»

«እንግዲያው እንተኛ» አለች ፍሬሕይወት። አልተኙም። ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሁለቱም ሌላዋ እንዳልተኛች እያወቁ ተጋደሙ።

ብርሃኑ በመስኮቱ መጋረጃ ሲገባ ፍሬሕይወት አየችው። መጀመሪያ ግራጫ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ ጥርት ያለ የአዳማ ፀሐይ ሆኖ ያን የተነጠፈ ፍራሽ ነካው። የእግር ኮቴ መጣ። የአንድ ሰው አይደለም፤ የብዙ ነው፣ ግን እንደ አንድ ሰው የሚራመድ። ከበሩ ሥር ባለው ክፍተት ጥላቸው ገባ። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው እንደለበሱ ሳታይ አወቀች። ኤቢሴ ተነስታ ወደ በሩ ልትሄድ ስትል ክንዷን ያዘቻት፤ አያያዟ እንዲህ ጠንካራ መሆኑን ራሷም አታውቅም ነበር።

ተንኳኳ።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ ልጄ። ኃይለየሱስ ነኝ።» የዕድሩ ዳኛ ናቸው፤ የእናቷንም የአባቷንም ሞት ያረዷት እሳቸው ናቸው። «ክፈቺልን። ነግቷል።»

ፍሬሕይወት በሩ ላይ ጀርባዋን አስደግፋ ቁጭ አለች። እንጨቱ ከውጭ ፀሐይ መትቶት ሞቅ ብሏል።

«አልነጋም ጋሼ» አለች።

ውጭ አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመረች፤ ሌላ ሰው እሽ ብሎ ዝም አሰኛት።

«ፍሬሕይወት…»

«ጋሼ፣ እባክዎን። ሰው ሳይነጋ ይቀሰቀሳል እንዴ? ወንድሜ እኮ ዛሬ ይመጣል፤ ገና አልነጋም። እባክዎን፣ ገና አልነጋም።» ድምፅዋ ወጣ፣ ተሰበረ፣ ደግሞ ተመለሰ። ኤቢሴ አጠገቧ ወለሉ ላይ ወድቃ በሁለት እጇ አፏን ይዛለች።

ከመንገዱ ባጃጅ አለፈ። የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ወጥቶ ደወሉ ተሰማ። ከዚያ የሽማግሌው ምርኩዝ መሬቱን መታ አድርጎ፣ የተዳከመ ድምፃቸው ከበሩ ራቅ ብሎ፣ ለተሰበሰበው ሕዝብ ሲናገሩ ሰማች።

«ቁጭ በሉ» አሉ። «ሁላችሁም ቁጭ በሉ። ገና አልነጋም።»